ምን አድርጋው ነው?

ስልክ እጠግናለሁ። ሱቄ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ ናት፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ሁለት ሰው ከቆመ የምትሞላ፣ ከፊቷ የመስታወት መደርደሪያ፣ ከጣሪያዋ ሙቅ አየር ከማማሰል ሌላ ጥቅም የሌለው ፋን ያላት። ቅርብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላለ ከደንበኞቼ ግማሽ ያህሉ ዩኒፎርም ለባሾች ናቸው። እዚህ ሥራ ላይ ስቆይ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ስልክ እንዴት እንደተሰበረ ከባለቤቱ ይልቅ ስልኩ ራሱ በደንብ እንደሚናገር ነው።

ከእጅ አምልጦ የወደቀ ስልክ ብዙውን ጊዜ በጥጉ ነው መሬት የሚነካው። ስንጥቁ ከዚያ ጥግ ተነስቶ እየተከፋፈለ ወደ መሀል ይሄዳል፤ ፍሬሙም ላይ ትንሽ ጭረት አይጠፋም። መሀሉ ዱቄት ሆኖ ዙሪያውን የሸረሪት ድር የሠራ ስክሪን ግን ሌላ ነው። ጠጠር ላይ በግንባሩ ተደፍቶ እንዲያ የሚሆን አለ፣ አልክድም። አብዛኛው ግን የተመታ ወይ የተረገጠ ነው። ጉልበት ላይ ተደርጎ የተጣመመም ይመጣል፤ እሱን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው እንደ ጀልባ ይወዛወዛል።

እንዲህ ያለውን ስልክ ይዘው የሚመጡ ልጃገረዶች «ወደቀብኝ» ይሉኛል። እኔም «እሺ» እላለሁ። ዋጋ እንከራከራለን፣ እቀንሳለሁ። «ሲሙን አውጥተሽ ያዢው» ስላት ግን አንዳንዷ «ይቅር፣ እዛው ይሁን» ትላለች። ሥራው አንድ ሰዓት እንደማይፈጅ እየነገርኳት «ምንም አልቸኮልኩም፣ ለሰኞ ቢደርስ ይበቃኛል» የምትልም አለች። ሐሙስ ቀን ነው እንግዲህ የምታወራኝ። ሦስት ቀን ያለ ስልክ መቆየት የማይከብዳት የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ! ለረጅም ጊዜ ነገሩ አይገባኝም ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ፣ ድሬ ከቀትር እንቅልፏና ከበርጫዋ ተላቃ በሯን መልሳ በምትከፍትበት ሰዓት፣ አንድ ልጅ ገባ። ሸሚዙን የተኮሰ፣ አነጋገሩ የታረመ፣ በየዓረፍተ ነገሩ «ጋሼ» የሚል ልጅ ነው። አበባ ያለበት ከቨር የለበሰ የሴት ስልክ መስታወቱ ላይ አስቀመጠና፣ «ጋሼ፣ ፓተርኑን ክፈትልኝ አቦ» አለኝ።

«የማን ነው?»

«የኛው ናት።»

የጠየቅኩት ስለ ስልኩ ነበር። እሱ የመለሰልኝ ስለ ልጅቷ ነው።

«ባለቤቷ ትምጣ» አልኩት። ይሄ የሱቁ ደንብ ነው፤ የተሰረቀ ዕቃ እንዳይገባብኝ ያወጣሁት። ስለ ልጅቷ አስቤ ያልኩት አልነበረም፣ እሱንም ልናገር። ልጁ ወደ ውጭ ዞሮ በጣቱ ጠራ። አስፋልቱ ዳር ከቆመች ባጃጅ ጥላ ስር አንዲት ልጅ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች። ቀና ብላ አላየችኝም። በአመልካች ጣቷ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ጎን ስባ ራሷ ከፈተችለትና ተሰቅለው የሚሸጡትን የቻርጀር ገመዶች ማየት ጀመረች። እሱ ቴሌግራሟን ከፍቶ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ይስባል። ፋኑ ይዞራል። የእህቴ ልጅ፣ ከትምህርት መልስ እየመጣ ሥራ የሚማረው፣ ከኋላዬ ካቻቢቴ ይዞ አቀርቅሯል።

«እንዴ፣ የሰው ስልክ እኮ ነው» አልኩ በመጨረሻ።

ልጁ አልተቆጣም። እንዲያውም ለትልቅ ሰው አክብሮ እንደሚያስረዳ ሆኖ፣ «ጋሼ ሙት፣ ምን እንዳደረገች ብታውቅ እንዲህ አትለኝም» አለኝ።

እኔም «ምን አደረገች?» አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። የእህቴ ልጅም ቀና አለ፤ እሱም መልሱን እየጠበቀ ነበር። ልጅቷ ገመዶቹ ላይ እንዳፈጠጠች ናት። ሦስት ወንዶች ለአንዲት ልጅ ችሎት ተቀምጠናል፣ እኔ ደግሞ ዳኛ ሆኜ አረፍኩት።

ያ ጥያቄ የኔ ፈጠራ አይደለም። የት እንዳገኘሁት ግን በደንብ አውቃለሁ።

ልጅ ሆኜ የምንኖረው ለገሃሬ፣ የባቡር ሠራተኞች በሚበዙበት ሰፈር ነበር። ድሬን የሚያውቅ የግንቦትና የሰኔን ሌሊት ያውቃል። ቤት ውስጥ አይተኛም። ሽቦ አልጋው ወደ ግቢ ይወጣል፣ አንሶላው ውኃ ይረጭበታል፣ ሰዉ ሰማይ እያየ ይተኛል። ግቢን ከግቢ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ የጎረቤትህን ሳል ታውቃለህ፣ ራዲዮውን ታዳምጣለህ፣ ማን ለሶላት እንደተነሳና ማን ማህሌት ሊሄድ እንደተነሳ ትለያለህ። ድሬ ምስጢር የማይቋጠርባት ከተማ ናት የሚሉት ለጸባያችን ይመስላቸዋል። ለሙቀቱ ነው።

ከቆርቆሮው ማዶ የምትኖር አንዲት ጎረቤት ነበረችን፤ ሳምቡሳ ጠብሳ የምትሸጥ፣ ለኔም ከጥግ የተሰበረውን በነጻ የምትሰጠኝ። ባሏ በወር አንዴም ሁለቴም ይመታት ነበር። እኛ አልጋችን ላይ በጀርባችን ተንጋለን እንሰማለን። አባቴ አንዴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ በዚያ ሰዓት ከኛ ግቢ የወጣ ተቃውሞ ያ ብቻ ነው። ሲነጋ ቡና ይፈላል። እሷ አትመጣም፤ ከንፈሯ አብጧል። ያኔ ከሴቶቹ አንዷ ስኒውን እያቀበለች ትጠይቃለች፦

«ምን ብላው ይሆን?»

ሌላዋ፦ «አፏ እኮ አያርፍም ውይ።»

እነዚህ ሴቶች ክፉ አልነበሩም። ከቡናው በኋላ ገንፎ በሳህን ይዘውላት የሚሄዱት፣ ልጆቿን አጥበው የሚያበሉት እነሱ ናቸው። አሁን ሳስበው ጥያቄው ከፍርሃት የመጣ ይመስለኛል። እሷ የተመታችው በሆነ ምክንያት ከሆነ፣ ያንን ምክንያት የሸሸች አትመታም ማለት ነዋ። «አፏ አያርፍም» ማለት «የኔ አፍ ግን ያርፋል» ማለት ነው። እኔ ያኔ ዘጠኝ ወይም አስር ዓመቴ ነበር። ከቡናው ዳር ተቀምጬ ፈንዲሻ እየለቀምኩ ነገሩን ተማርኩ፤ ሰው ሲመታ የሚጠየቀው የተመታው ነው።

ብዙ ዓመት ቆይቶ ይህንኑ ጥያቄ በመንግሥት ወረቀት ላይ አገኘሁት። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በየጥቂት ዓመቱ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን እየዞረ ይጠይቃል፦ ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል፣ አልተኛም ብትለው፣ ባሏ ቢመታት ተገቢ ነው? አምስት ጊዜ የተጠየቀ «ምን አድርጋው ነው?» ማለት ነው። በ1992 ከሴቶቹ 85 በመቶ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት ተገቢ ነው ብለው ነበር። በ1997 81 በመቶ፣ በ2003 68 በመቶ፣ በ2008 ደግሞ 63 በመቶ ሆነ። እየወረደ ነው፤ ቢሆንም ከአስር ስድስቷ ናት። በዚያው በ2008 ተመሳሳይ ጥያቄ ከቀረበላቸው ወንዶች እሺ ያሉት 28 በመቶ ብቻ ናቸው። በወንዶቹ ቁጥር ደስ ያለው ይኑር፣ እኔ ግን ወንድ ስለሆንኩ ያን ያህል አላምነውም። ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ሰው ፊት ለፊታችን ሲቀመጥ ምን ማለት እንደሚያምር እናውቃለን። የሴቶቹን 63 ግን አምናለሁ፤ ቡናው ላይ ሰምቼዋለሁና።

እንግዲህ ያቺ ባጃጅ ስር የቆመችው ልጅ ያደገችው እነዚህ እናቶች ባሉበት ቤት ነው፤ ልጁም እንደዚያው። ሁለቱም ፍቅር ሲጀምሩ ባዶ እጃቸውን አልመጡም።

ደቻቱን ልንገራችሁ። ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ስሙ ወንዝ ይሁን እንጂ እኛ የምናውቀው እንደ ኳስ ሜዳ ነው። በ1998 ክረምት ሌሊት ሞልቶ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ከመውሰዱ በፊት ደግሞ ማንም አይፈራውም ነበር። አስረኛ ክፍል እያለን ከትምህርት ስንወጣ ቦርሳችንን ጎል አድርገን እንጫወታለን። ከመሀላችን ኳስ የሚችል፣ ቆንጆ፣ ሁላችንም እሱን መምሰል የምንፈልግ አንድ ልጅ ነበር። ፍቅረኛው የሌላ ክፍል ተማሪ ናት። አንድ ቀን ከአንድ ሌላ ልጅ ጋር ስትስቅ አይቷታል መሰለኝ፣ በአሸዋው ላይ እየሄደች ሳለ ጠራት። መጣች። የሆነ ነገር ተባባሉ። በጥፊ መታት።

ድምፁ ደረቅ ነበር። ከዚያ አንድ አፍታ ጸጥ አለ። ያቺን አፍታ ዛሬም አልረሳትም፤ ምክንያቱም ልጁ ከመታት በኋላ ያየው እሷን አይደለም። ዞሮ ያየው እኛን ነው። ስምንት ወይም ዘጠኝ ነበርን። እጁን ገና አላወረደም፣ ፊቱ ላይ ኩራት የለም፤ ፔናልቲ መትቶ ኳሷ መግባቷን ገና ያላወቀ ሰው ፊት ነው። እኛ ምን እንደምንል እየጠበቀ ነበር።

አንዱ ሳቀ። ማን እንደነበር ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ነኝ። የሚያስቅ ነገር ኖሮ አይደለም፤ ጸጥታው ከብዶኝ ነው። ግን ሳቅ ሳቅ ነው። ሌላው ተከተለኝ፣ ሦስተኛው «አቦ ልክ አስገባት!» አለ፣ ያኔ የልጁ ትከሻ ወረደ፣ ፊቱ ተፈታ፣ ወደ ኳሱ ተመለሰ። እሷ ነጠላ ጫማዋን ከአሸዋው ውስጥ ፈልጋ አድርጋ ሄደች።

«ልክ ማስገባት።» ቋንቋችን ለጥፊ ያወጣለትን ስም ተመልከቱት። ልክ የነበረ ነገር ልኩን ስቶ ነበር፣ አሁን ገብቷል፤ መታት አይባልም፣ አስተካከላት ነው የሚባለው። «ሴትና አህያ» የሚለውን ተረት እኛ ሰፈር አንዱም በቁም ነገር ሲናገረው አልሰማሁም፣ እንዲያውም እንስቅበት ነበር። በቁም ነገር የሚነገሩት እነዚህ ትንንሾቹ ናቸው፦ «ልክ አስገባት»፣ «አናቱ ላይ ወጣችበት»፣ «ካልቀናማ አይወዳትም»፣ «ስታሽኮረምም እሺ ማለቷ ነው»።

አልበርት ባንዱራ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አሜሪካ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በሠራው ሙከራ ስሙ የታወቀ ነው፤ አዋቂ ሰው የፕላስቲክ አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት እነሱም እንደሚደበድቡ ያሳየ። ይሄን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው ቀጣዩ ነው። ሕፃናቱን ለሦስት ከፍሎ አንድ ዓይነት ፊልም አሳያቸው፣ መጨረሻው ብቻ ይለያያል። በአንዱ መጨረሻ ደብዳቢው ይሞገሳል፣ ጣፋጭ ይሰጠዋል። በሌላው ይቆጡታል። በሦስተኛው ምንም አይሉትም። ከዚያ ሕፃናቱን አሻንጉሊቱ ያለበት ክፍል አስገቧቸው። ሲቆጡት ያዩት ትንሽ ነው የደገሙት። ምንም ሲባል ያላዩት ግን፣ ሲሸለም ካዩት እኩል ደገሙት ማለት ይቻላል። ዝምታው ለልጆቹ እንደ ሽልማት ተቆጠረ። በመጨረሻ «ያያችሁትን ለሚያሳየን ሽልማት አለ» ሲባል ደግሞ፣ ቁጣውን ያዩትም ጭምር ሁሉም እኩል ማለት ይቻላል አሳዩ። ትምህርቱ ሁሉም ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የተለያየው ማን አውጥቶ እንደሚጠቀምበት ነው።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር የአባቴ ጉሮሮ መጥረግ ትዝ ይለኛል፤ የኔ ሳቅም።

ትልልቆቹ ዛሬ ቲክቶክን ይራገማሉ። ምክንያት አያጡም፤ «ገርሌን ሰርፕራይዝ ላድርጋት» ብሎ ፊቷ ላይ እንቁላል የሚሰብር፣ ታማኝነቷን እፈትናለሁ ብሎ በሐሰተኛ አካውንት እያወራ የሚያዋርዳት፣ ከስሩ ሺህ የሳቅ ምልክት የሚደረደርለት ቪዲዮ ሞልቷል። ፊልሙም ያው ነው፤ እምቢ ያለችውን ልጅ መንገድ ላይ እየተከተለ፣ በሯ ላይ እያደረ፣ በመጨረሻ የሚያገባት ልጅ ስንት ጊዜ አይተናል? ግን ደቻቱ ላይ እኛ ቲክቶክ አልነበረንም። አንድ ኳስና ሁለት ቦርሳ ነው የነበረን።

ድሬን የሚያሳፍራት ሌላ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ከተማ ሁለት ወንዶች ቢጣሉ ጸቡ ደቂቃ አይሞላም። ከዚራ ይሁን መጋላ፣ ባጃጅ ነጂው ሞተሩን ሳያጠፋ ይወርዳል፣ ጫት ሻጯ ከመደቧ ትነሳለች፣ «ተው አቦ!»፣ «በአላህ!»፣ «በማርያም!» የሚለው ይደበላለቃል፤ ክርስቲያኑ ወላሂ ይላል፣ ሙስሊሙ በማርያም ይላል፣ አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች ገፍተው ሻይ ያጠጧቸዋል። በዚህ እኮራለሁ፣ እውነቴን ነው። ነገር ግን አንድ የአስራ ስምንት ዓመት ልጅ አንዲትን ልጅ ክንዷን ይዞ እየጎተተ በዚያው መንገድ ቢያልፍ፣ ያው ሰው መንገድ ይለቅለታል። «የፍቅረኛሞች ነገር ነው፣ ማታ ይታረቃሉ።» ገላጋይነታችን እዚያ ላይ ሲደርስ አካለ መጠን ያልደረሰ ይሆናል።

ልጆቹ ደግሞ ይህን ያውቃሉ። አንድ ቀን ሁለት ጓደኛሞች መጡ፣ አንዷ የተረገጠ ስልክ ይዛለች። ጓደኛዋ እየሳቀች፣ «በቅናት ነው የሰበረባት!» አለችኝ፣ ልክ ወርቅ ገዝቶላታል እንደማለት። ባለስልኳም ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ የውሸት አልነበረም፤ ኩራት ነበረበት። «ለኔ ብሎ እኮ ነው» የሚል ኩራት። ወንዶች ስልክ የሚሰበርባቸው የለም ወይ ካላችሁ፣ አለ፤ አንዱ ፍቅረኛው ከበረንዳ የወረወረችውን ስልክ ይዞልኝ መጥቶ እየተንከተከተ ነው የነገረኝ። እሱ ግን ሲሙን አውጥቶ ነው የሄደው።

ሲሙ ወደሚለው ነገር ልመለስ። በመጨረሻ አንዷን ጠየቅኳት። ጎበዝ ተማሪ ናት፣ የሒሳብ አጋዥ መጽሐፏን መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ እየተከራከረችኝ ነበር። «ለምንድነው ሲሙን የማትወስጂው? እናትሽ ቢደውሉስ?»

«እማዬ ቤት ነው የማገኛት» አለች። ከዚያ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ጋሼ፣ ጥገና ገብቷል ካልኩት አይደውልም። ሲሙን ከወሰድኩ በሌላ ስልክ አድርጊው ይለኛል።» ደብተሯን አነሳች። «ሦስት ቀን ልረፍ ብዬ ነው።»

ይኸው ነው። ልጅቷ የምትገዛኝ ስክሪን አልነበረም፣ እረፍት ነበር። «ኦንላይን ሆነሽ ለምን አልመለስሽልኝም» ከሚለው፣ «ቪዲዮ አብሪና ቤት መሆንሽን አሳዪኝ» ከሚለው፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ከሚመጣ ሃያ ጥሪ የሦስት ቀን እረፍት። ዱላ ያላነሳባትን ልጅ ይህ ጥቃት ነው ብትሉት ይስቅባችኋል። «አሳቢ ነኝ» ይላችኋል። የሚያሳዝነው እሷም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው የምትጠራው።

ለምን ለቤተሰብ አትናገርም የሚል አንባቢ ይኖራል። የድሬን ቤት አያውቅም ማለት ነው፤ ወይ የራሱን ረስቷል። ለመናገር መጀመሪያ ፍቅረኛ እንዳላት መናገር አለባት። ወንድሟ ይሰማል፣ አጎቷ ይሰማል፣ ትምህርቱ ይቀር ይሆናል፣ የመጀመሪያውን ጥፊ የምትቀምሰውም እዚያው ቤት ሊሆን ይችላል። ልጁ ይህን ከሷ የበለጠ ያውቀዋል፤ «ለወንድምሽ ነው የምነግርልሽ» ብሎ ነው የሚያስፈራራት። የእኛ ክልከላ በእጁ ላይ አርጩሜ ሆነለት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አንቀጽ 564 ላይ በስም የሚጠራው የትዳር ጓደኛንና ያለ ጋብቻ አብሮ የሚኖርን ሰው ነው፤ አንዲት የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪና ከኋላዋ ወንበር የሚቀመጠው ልጅ ሁለቱም ውስጥ የሉበትም። በእርግጥ ሰውን መደብደብ ማንም ቢያደርገው ወንጀል ነው፣ ሕጉ በር አይዘጋባትም። በሩን የሚዘጋባት ጣቢያ ገብታ መናገር ያለባት የመጀመሪያው ቃል ነው፦ «ፍቅረኛዬ»።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት፣ በዓለም ላይ ባል ወይም የፍቅር ጓደኛ ኖሯቸው ከሚያውቁ ከ15 እስከ 19 ዓመት ልጃገረዶች 24 በመቶ ያህሉ በዚያው ሰው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከአራት አንዷ ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አራት ሆነው ከቨር ሊመርጡ ሲመጡ ሳላስበው እቆጥራቸዋለሁ። መጥፎ ልማድ ነው፣ አውቃለሁ።

ተስፋ የሰጠኝ ነገር ቢኖር ከወደ ኳሱ የመጣ ነው። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በሳክራሜንቶ አካባቢ በ16 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሠልጣኞች ለወንድ ስፖርተኞቻቸው በሳምንት አንዴ አስር አስራ አምስት ደቂቃ ስለ ሴት ልጅ ክብር እንዲያወሩ ተደረገ። ሌክቸር አይደለም፣ ከልምምድ በፊት ቁጭ ብሎ ማውራት ነው። ዓመት ቆይቶ ሲታይ፣ እነዚህ ልጆች ካልሰለጠኑት ይልቅ ፍቅረኛቸውን መበደላቸው ያነሰ ነበር፤ ደግሞም ሌላው ሲበድል አብሮ መሳቃቸው ቀንሶ ተገኘ። አብሮ መሳቅ! እሱን የሚለካ ሰው መኖሩ ራሱ ገረመኝ። እኔ በአስረኛ ክፍሌ የፈጸምኩት ነገር ስም ወጥቶለት፣ በሠንጠረዥ ገብቶ፣ እንደሚቀንስ ተጽፎ አገኘሁት። ደቻቱ ላይ ዛሬም ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሕፃናት የሚያሠለጥኑ ሰዎች አሉ፤ ልጆቹ ከአባታቸው ይልቅ እነሱን ነው የሚፈሩት፣ የሚወዱትም። አንዱን አንድ ቀን ሻይ ጋብዤ ይህን ነግሬዋለሁ። «እኔ ስለ ኦፍሳይድ ነው የማውቀው አቦ» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ግን ስኒውን እያዞረ ቆይቶ፣ የራሱ ሴት ልጅ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል እንደገባች ነገረኝ።

ከእህቴ ልጅ ጋር ስለዚያ ቀን ተነጋግረናል ብል ውሸት ነው። አንዴ ስክሪን እያስለቀቅን፣ «ያኔ እንዲያ ብዬ መጠየቅ አልነበረብኝም» አልኩት። «የቱን?» አለኝ። «ምን አደረገች ያልኩትን።» ትከሻውን ነቀነቀና ማሞቂያውን ወደ መስታወቱ አስጠጋ። የአስራ ሰባት ዓመት ወንድ ልጅ ከዚህ በላይ አይመልስም።

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ልጅ መሀሉ የደቀቀ ስልክ ይዛ መጣች። «ወደቀብኝ» አለች፣ ሲሙን ተወችው፣ «ለሰኞ» ብላ ሄደች። የእህቴ ልጅ በአርባ ደቂቃ ጨረሰው፣ ስክሪኑን በጨርቅ ወለወለው፣ አብርቶ ሞከረው። ገና ሲበራ ያመለጡ ጥሪዎች ተግተለተሉ፣ ሁሉም ከአንድ ሰው፣ «ህይወቴ» ተብሎ ከተመዘገበ። ልጁ ድምፁን አጠፋና መሳቢያ ውስጥ በግንባሩ ደፋው።

ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ አንድ ልጅ መጣ። አላውቀውም፤ የዚያን ጊዜውም አይደለም።

«ጋሼ፣ የአንዲት ልጅ ስልክ እዚህ ገብቶ ነበር። እኔ ልውሰድላት፣ ሂሳቡንም እከፍላለሁ።»

አፌን ልከፍት ስል ከኋላዬ መልስ መጣ። «አላለቀም።»

ልጁ አላመነም። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ደወለ፣ ጆሮውን ሳይሆን ዓይኑን እኛ ላይ ተክሎ። ከመሳቢያው ክፍተት ቀጭን ብርሃን ወጣ። ጉልበቴን ወደ መሳቢያው አስጠጋሁ።

«ይጠራል እኮ!» አለ ልጁ።

«ቦርዱ ይሠራል» አለ የእህቴ ልጅ፣ ከሚፈታው ስልክ ቀና ሳይል። «ስክሪኑ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«እንጃ። መንገዱን ታውቀው የለ።»